ቢጫ መስመር

ግራትስ ከተማ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
ሊፍት የሌለው ሕንጻ፣ ሙር ወንዝን የሚያይ፤
ስልሳ ስምንት ደረጃ ወጥቶ ተንደርድሮ
ኦትማር ከደጁ ላይ ቀረ ተገትሮ።

ቁልፉ ከእጁ አለ፣ በሩም ተከፍቷል፤
ሾርባው አይሸተውም፣ ሽታ ቀድሞ ጠፍቷል፤
እግሩ ከወለሉ በምስማር ተመቷል።
"ግባ እንጂ!" ትላለች ሂልትሩድ ከውስጥ፤
"እሺ" ይላል እሱም፣ ጉልበቱ ሲናጥ።
እሺታው ካንገቱ ዝቅ ብሎ አይወርድም፤
ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፣ መንገድ አላገኘም።

የኔ ሥራ ይህ ነው፤ እግርን ማስታወስ፣
ቤት ለቤት እየዞሩ ጉልበት መቀስቀስ።
ሐኪም አይደለሁም፤ ክኒን አላዝም፤
ቢጫ ፕላስተር ነው የምይዘው ሁሌም።
ተንበርክኬ ለጠፍኩ ከደፉ ጀምሬ፣
እስከ ማድ ቤት ድረስ በስንዝር ቆጥሬ፤
አሥራ አራት መስመር፣ አግድም፣ ትይዩ።
"ይኼን እለፍ" አልኩት፤
                ዓይኖቹ አዩ፤
እግሩ ተነቀለ፣ ከምስማር አመለጠ፤
አንዱን ሲያልፍ ሌላው፣ ሌላው ሲያልፍ ሌላው፣
ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ኦትማር ተቀመጠ።

"ምንድን ነው ምሥጢሩ?" አለችኝ ሚስቱ፤
ናፕኪን ላይ ሣልኩላት።
"ከአንጎል ግንድ አናት ላይ አለች ጥቁር መሬት፣
ባቄላ የምታህል፣ የሁላችን ርስት፤
ዶፓሚን የሚሉት እዚያ ነው ሚዘራ፣
ሳናዝዘው የሚሄድ የእግራችን አዝመራ።
መሬቷ ስትገረጣ፣ እግር ምግብ ሲራብ፣
መዞርም ሐሳብ ነው፤ መቆምም ሐሳብ።
ዓይን ግን በጓሮ ሌላ በር ከፍቶ
መስመር ካሳዩት ያልፋል፣ እግርን ጎትቶ።"
ሂልትሩድ ሣቀች።
"ሠላሳ አንድ ዓመት ትራም ነድቶ ኖሮ
ከሐዲድ ውጪ መሄድ መች ያውቃል ድሮ!"

ለልደቷ ካርድ ጻፈ፤ መጀመሪያው ጎላ፣
ወደ መጨረሻው ግን ጉንዳን ሆነ ኋላ፤
ስሟን በአጉሊ መነጽር ፈልጋ አገኘች፤
"እንዲህ በሹክሹክታ ጽፎልኝ አያውቅም" አለች።

ጥር ገባ። በረዶ ሲጥል አድሮ አድሮ፣
በነጭ ላይ ነጭ ጥሎ፣ ዜብራውን ቀብሮ፤
እጁን ይዤ ወጣሁ፤ መሃል አስፋልት ስንደርስ
ኦትማር
        ቆመ።

መብራት እንደጠፋበት ሊፍት፤
ወደ ላይም አይል፣ ወደ ታችም አይል።
ቆጠርኩለት። ምንም።
እግሬን ከፊቱ ዘረጋሁ። አልተሻገረም።
ፕላስተሩ በረዶ ላይ አልይዝ አለኝ።
ከግራ ትራም መጣ፣
አረንጓዴ፣ ረጅም፣ ጣራው በረዶ ያዘለ።
ሾፌሯ ወጣት ነች። ፍሬን ያዘች። ጠበቀች።
ታውቀው ይሆን? እንጃ።
ደወሏን መታች፤
አንዴ፤
        ሁለቴ።

ቁጣ አልነበረም፤ የድሮ ደወል ነው፣
ትኬት ቆራጭ ከኋላ ለነጂ የሚልከው፤
ሁለቴ ከተመታ ቃሉ አንድ ነው፤ "ሂድ!
ሰው ሁሉ ተሳፍሯል፤ ነጻ ነው ሐዲድ።"

ግራ እጁ ቀደመ፤ ከኪሱ ተመዞ፣
ያልነበረ እጀታ አየር ላይ ይዞ
ወደ ፊት ገፋና
            ተነሣ ጉዞ።
ማዶ ላይ ዞር ብሎ ኮፍያውን ሲያነሣ
ሰላምታ መሰለች ያቺ የእጁ አበሳ።

ያን ምሽት ከራሴ ደፍ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ፣
እግሬን የሚያዘውን ላየው ብዬ ጓጓሁ፤
ሳላየው ገባሁ።

ኦትማር ካለፈ ሁለተኛ ክረምት ነው።
ትናንት በዚያ ሳልፍ የበሩን ደወል ተጫንኩ።
ከአሥራ አራቱ መስመር ዘጠኙ ቀርቷል፤
ጠርዙ አቧራ ይዟል፣ ቢጫውም ገርጥቷል።
"ልላጠው?" አልኳት። "ተወው" አለች፤
ሳህን በሁለት እጇ ይዛ፣
ጤነኛ እግሯን ከፍ፣ ከፍ እያደረገች፣
አንዱንም ሳትረግጥ
                እየተሻገረች
ማድ ቤት ገባች።